መድኃኒት የለውም፤ ከዚያስ?

ይፋግን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ አንፈርድበትም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን ካለፈ በኋላ፣ አዲስ ዘመን ከመድረሱ በፊት፣ ስልኩን ሲነካካ የሚያልፋት ከተማ ናት። ድሮ ግን እንዲህ በዋዛ የምትታለፍ አልነበረችም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነጋዴው ጭነቱን የሚያራግፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች፤ ፈረንጅ ተጓዦች ስለ ወይኗ ሳይቀር ጽፈውላታል። ዛሬ ስሟ የሚነሳው ከፎገራ ሜዳ፣ ከሩዙና ከሽንኩርቱ ጋር ነው።

ከዘመዶቻችን ግማሾቹ እዚያ ናቸው። በዓል ሲመጣ ፌስታላችንን አንጠልጥለን እንሄዳለን፣ እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንመለሳለን። እንግዲህ ዛሬ የምናወራችሁ ለዓመታት እንዲህ ስንመላለስ ዓይናችን ሥር ሆኖ ስላላየነው ነገር ነው።

አጎታችን ከመንገዱ ዳር፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ልብስ ይሰፋል፤ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል። ተቀምጦ ላየው ሰው ምንም የጎደለው ነገር የለም። እጁ ፈጣን ነው፤ ምላሱ ደግሞ ከእጁ የባሰ ነው። ነገሩ የሚታየው ሲነሳ ነው። እግሮቹ ይገታተራሉ፣ ጉልበቶቹ ይጣበቃሉ፣ ተረከዙ መሬት አይነካም። አንዱ እግር በሌላው ፊት እንደ መቀስ እየተላለፈ በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄደው።

ጓያ ነው የመታው። እኛ ከመወለዳችን በፊት፣ በአንድ ክፉ ዓመት፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሳለ።

ስለ ጓያ ጥቂት

ጓያን በሽሮነቱ ብቻ ለምናውቀው ለከተማ ልጆች ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ጓያ ጠንካራ እህል ነው፤ ድርቅም ውኃም ይችላል። በፎገራ ሜዳ ሩዙ ሲደርስ መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይበቅላል፤ ብዙ ድካም አይጠይቅም። ችግሩ ፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ነርቭ የሚጎዳ መርዝ መኖሩ ነው። አልፎ አልፎ፣ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ የሚበላ ሰው ብዙም አያሰጋውም። በክፉ ዓመት ግን ሌላው ሰብል ሁሉ ሲጠፋ የሚተርፈው እሱ ነው። ቁርሱም ጓያ፣ ምሳውም ጓያ፣ እራቱም ጓያ ይሆናል። እንዲህ ሆኖ ወራት ሲያልፉ እግርን የሚያዙት ነርቮች ይጎዳሉ። ሰውየው አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ «እግሬ ከበደኝ» ይላል፤ አለቀ።

የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል፤ በሽታው በአካባቢው የተንሰራፋ መሆኑን ለዓለም ያሳወቀ ጥናት ነው። የጓያ በሽታ አእምሮ አይነካም፣ እጅም አያሽመደምድም። በራሱም አይገድልም። ይበልጥ የሚመታው ወጣት ወንዶችን ነው። አንዴ ከመታ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። አንዳንዱ በአንድ በትር ይሄዳል፣ አንዳንዱ በሁለት፣ የባሰበት በእጁ እየዳኸ። በገጠሩ «የሚመታው እንፋሎቱ ነው» ብሎ የሚያምን አሁንም አለ፤ አያታችንም እስኪሞቱ ድረስ ያመኑት ይህንኑ ነው።

አጎታችንን ያኔ ወደ ሕክምና ወስደውት ነበር። የት እንደሆነ መናገሩ ዛሬ ለማንም አይጠቅምም። የተባሉት ነገር ግን በቤታችን እስከ ዛሬ ይነገራል፦ «መድኃኒት የለውም፤ ውሰዱት።»

ሐኪሙ አልዋሸም። መድኃኒት የለውም፤ ዛሬም የለውም። ግን እስቲ አስቡት፤ የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ገና ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ይኖራል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ሚስት ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል፣ እንጀራ ይፈልጋል። «መድኃኒት የለውም» እና «ምንም ማድረግ አይቻልም» አንድ ናቸው ያለው ማነው? ሐኪሙ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ አራት ነጥብ ሲያደርግ ሌላ ሰው ሌላ ዓረፍተ ነገር መጀመር ነበረበት። የሚጀምረው ሰው አልነበረም። ለዚህ ጽሑፍ ብዕር ያነሳነው ስለዚያ ሳይጀመር ስለቀረው ዓረፍተ ነገር ለማውራት ነው።

አንዲት እንግዳ መጣች

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት አንዲት ጓደኛችንን ይዘን ሄድን። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባል ትምህርት ትማራለች። እኛ እንደ ማንኛውም ሰው ማሸት ይመስለን ነበር። (ፊዚዮቴራፒም ቢሆን ማሸት ብቻ አይደለም፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።)

የአጎታችንን ጉዳይ ስትሰማ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን ሆኑ?» አልነበረም። አጠገቡ ተቀምጣ «ጋሼ፣ ብዙውን ቀን እንዴት ነው የሚውሉት? ከጠዋት ይጀምሩልኝ» አለችው። «ምን ዋጋ አለው፣ ልጄ? እንዳየሽኝ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። በማግስቱ ከጠዋት እስከ ማታ አብራው ዋለች። ሲነሳ አየችው፣ ሲለብስ አየችው፣ ከደጃፍ እስከ በረንዳው ሲሄድ እርምጃውን ቆጠረች፣ ሲሰፋ አየችው። ማታ ላይ ሦስት ነገር ነገረችን።

አንደኛ፣ አጎታችሁ ቀኑን ሙሉ ውኃ አይጠጡም አለች። ለምን? ሽንት ቤት መሄድ ስለሚፈሩ። ግቢው ውስጥ መጸዳጃ ቤት አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጥታ አይታዋለች፣ መዝግባዋለች፣ «አላቸው» ተብሎ ተቆጥሯል። ግን ተቁነጥንጦ የሚቀመጡበት ጉድጓድ ነው። ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው እንዴት አድርጎ ይቀመጥበታል? ስለዚህ እስኪመሽ ይጠብቃል፤ ሲመሽ ሚስቱ ደግፋው ትሄዳለች። እስከዚያ ድረስ እንዳይመጣበት አፉን ዘግቶ ይውላል። በየጊዜው «ኩላሊቴን አመመኝ» እያለ የሚገዛው ኪኒን ታሪኩ ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ የስፌት መኪናው የእግር ነው። እሱ ጨርቁን ይመራል እንጂ መርገጫውን አይረግጥም። የሚረግጥለት ማነው? የሰባተኛ ክፍል ልጁ ናት። በገበያ ቀን ሥራ ስለሚበዛ ትምህርት ቤት አትሄድም። እኛ እኮ ያቺን ልጅ ለዓመታት እናውቃታለን! «እንዴት ያለች ታዛዥ ልጅ ናት» እያልን አንሶላ የሚያህል ምርቃት ስናወርድባት ኖረናል። ከትምህርት ቤት እየቀረች መሆኑን አልጠየቅንም።

ሦስተኛ፣ የምርኩዙ ጫፍ ቀጭን ነው። ክረምት ላይ የፎገራ ጥቁር አፈር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል፤ እንኳን ምርኩዝ ትራክተር ይውጣል። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ አንዱን እኛ ሰምተናል፣ አንዱን አልሰማንም።

እውነት ለመናገር አፈርን። ጋዜጠኝነት ተምረን፣ «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» እያልን አራት ዓመት ተፈትነንበት፣ በገዛ ቤታችን «እንዴት» የሚለውን ጠይቀን አናውቅም።

ምን ተደረገ?

ተአምር የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ተአምር የለም። አናጢ ተጠርቶ ከባሕር ዛፍ እንጨት መሐሉ የተቀደደ ወንበር ሠራ፤ ጉድጓዱ ላይ ተቀመጠ። ግራና ቀኝ የሚያዝ አጣና ተተከለ። የስፌት መኪናው መዘውር ላይ ወረታ ያለ ብረት ሠራተኛ በእጅ የሚዞር እጀታ ገጠመለት፤ አዲስ ፈጠራ እንኳን አይደለም፣ ድሮ የእጅ ሲንጀር የሚባለው እንዲህ ነበር። ለምርኩዞቹ ከአሮጌ ጎማ ሰፋ ያለ መርገጫ ተቆርጦ ተሠራላቸው። የሁሉም ወጪ ተደምሮ አንድ በሽተኛ ይዞ ጎንደር ደርሶ ለመመለስ ከሚያስፈልገው አይበልጥም።

ሁሉም ነገር ደግሞ አልጋ በአልጋ አልሆነም። ወንበሩን መጀመሪያ «የሕፃን ፖፖ አመጣችሁልኝ?» ብሎ ተቆጥቶበታል፤ ሳምንት ያህል አልነካውም። ጓደኛችን ወንበሩን ስትሠራ የእሱን ኩራት መለካት ረስታ ነበር፤ ይህንንም ራሷ ናት ያመነችው። በኋላ በር ተሠርቶለት፣ መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲሆን ነው የተጠቀመበት። በእጅ የሚዞረው መኪና ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ አንድ እጅ መዘውሩ ላይ ስለሚውል ጨርቁን በአንድ እጅ መምራት ልምምድ ጠይቋል። በቀን የሚያወጣው ሥራ ቀንሷል። እግሩ? እንደነበረ ነው።

ልጅቷ ግን በገበያ ቀን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እሱም ውኃ ይጠጣል።

እንግዲህ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ማለት ይኼ ነው።

ስሙን ማን ያውጣለት?

በአማርኛ አንዳንዶች «የሙያ ሕክምና» ይሉታል። እኛ ግን ስሙ ሰውን የሚያሳስት ይመስለናል። የሰማ ሁሉ ስለ ፋብሪካ ሠራተኛና ስለ ደመወዝ ይመስለዋል። «ኦኩፔሽን» እዚህ ላይ መተዳደሪያ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የሰውን ቀን የሚሞላው ነገር ሁሉ ነው። ፊት መታጠብ፣ ቡና ማፍላት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ ለቅሶ መድረስ፣ ልጅ ማቀፍ፣ ሱሪ ማሳጠር። በእኛ ቋንቋ ይህ ሁሉ አንድ ቃል አለው፤ ውሎ ይባላል። በየቀኑ «እንዴት ዋልክ? እንዴት ዋልሽ?» የምንለው ስለ እሱ ነው። መልስ ሳንጠብቅ ስለምናልፍ ግን ጥያቄ መሆኑን ረስተነዋል። እኛን የጠየቀን ባይኖርም፣ ቢጠይቁን «የውሎ ሕክምና» እንለዋለን።

ሙያው እንደ ሙያ የተደራጀው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1917 በአሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ባርተን የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበር፤ ሐኪም አልነበረም። ራሱ ታማሚ ሆኖ ብዙ ስለተንገላታ ነው ወደዚህ ነገር የገባው። ኤሌኖር ክላርክ ስሌግል የምትባለዋ ሌላዋ መሥራች ደግሞ ከማኅበራዊ አገልግሎት የመጣች ናት። ወዲያው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች ሲጎርፉ ሙያው ተፈላጊ ሆነ። የዓለም ፌዴሬሽኑ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ ከ2010 ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 27 የሙያው ቀን ሆኖ ይከበራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን የሚሆን ሕዝብ፣ ማለትም ከሦስት ሰው አንዱ፣ የተሐድሶ አገልግሎት ሊረዳው የሚችል የጤና ችግር አለበት። ስለዚህ የምናወራው ስለ ጥቂት «ምስኪኖች» አይደለም። ስለ አያቶቻችን፣ ስለ ወላጆቻችን፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ስለ ራሳችን ነው።

ጎንደር ይህን ከዚህ በፊት ሠርታለች

በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት የከፈተው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ። ነገሩ ጎንደር ላይ መጀመሩ አጋጣሚ ብቻ አይመስለንም።

በ1940ዎቹ ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሕዝቡን በሺዎች ጨረሰው። ከዚያ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የኮሌጁ ሐሳብ ለዘመኑ እንግዳ ነበር፤ ሐኪም ሆስፒታል ውስጥ ተቀምጦ በሽተኛ እስኪመጣ ከሚጠብቅ፣ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን በቡድን ሆነው ሰው ወዳለበት ይሂዱ ነው ያለው። ያኔ ሳኒተሪያኑ ጉድጓድ ያስቆፍር ነበር። ዛሬ ደግሞ ጉድጓዱ ላይ መቀመጥ ለማይችለው ሰው የሚያስብ አራተኛ ሰው ወደ ቡድኑ ይግባ ነው የምንለው። የኖረው ሐሳብ ይቀጥል ማለታችን ነው።

ለሜዳው ሰው ሁሉ

«እሺ፣ ይሄ ለአካል ጉዳተኛ ነው፤ ጤነኛውን ምን ያገባዋል?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ፤ ወደ ወረታ እንሂድ።

ወረታ የሩዝ ከተማ ናት። ከ1970ዎቹ ወዲህ ፎገራ ላይ የተስፋፋው ሩዝ ሜዳውን ለውጦታል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ሳይቀር እዚያ ተተክሏል። ይህን ሩዝ የሚያርመው ሰው ግን ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚውለው። ማታ ወገቡን ይዞ ይገባል። መፈተጊያ ቤቶቹ ደጃፍ ሂዱና እዩ፦ የኛ ዕድሜ ልጆች ኩንታል ተሸክመው መኪና ላይ ይወጣሉ። ኩንታል ማለት 100 ኪሎ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ በሰውነቱ ከ55 ኪሎ በላይ አዘውትሮ እንዳይሸከም መክሯል። እኛ ግን እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረውን አሸክመን «ጎበዝ!» እንላለን። ጎበዙ በአርባ ዓመቱ ወገቡ ሲያዝ «መድኃኒት የለውም» እንለዋለን። የውሎ ሕክምና ሰውየው እስኪሰበር አይጠብቅም። ጆንያው ለምን አያንስም? የመጫኛው መድረክ ለምን ከፍ አይልም? የመኮትኮቻው እጀታ ለምን አይረዝምም? ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው።

ውሎና አዳር ከጤና ጋር ምን ያህል እንደተቆራኙ ይፋግ ያለችበት ሊቦ ከምከም ወረዳ በመከራ ተምሯል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሰው እየከሳ፣ ትኩሳት እየያዘው፣ ሆዱ እያበጠ ሲሞት መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ። በኋላ ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ጀመሩ። በሽታው ወደ አካባቢው የገባው ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሁመራና መተማ ወርደው በሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆን እንዳልቀረ ተጠርጥሯል። በኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሌሊት ውጭ ግራር ሥር መተኛት ለበሽታው እንደሚያጋልጥ አሳይቷል። እንግዲህ በሽታው ሰውን ያገኘው ሥራ ፍለጋ በሄደበትና ላቡን ለማድረቅ በተኛበት ነው። መድኃኒት ሰጥተህ ወደዚያው ውሎና አዳር ከመለስከው ምን አደረግክለት?

የከተማ ልጆችም አትሳቁ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የደረሳቸው፣ ሊፍት የሌለው ደረጃ ስለከበዳቸው ከቤት መውጣት ያቆሙ እናት ጎረቤታችሁ የሉም? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዞ ነበር። እስቲ ነገ ወደ ቢሮ ስትገቡ በዊልቸር የመጣችሁ ናችሁ ብላችሁ አስቡና መግቢያውን ፈልጉ። ካገኛችሁ ጻፉልን።

«አገሪቱ ስንት ነገር እያለባት…»

ይህን ስንጽፍ አንድ ጓደኛችን በጥሩ ልብ ተከራክሮናል። «ጤና ጣቢያው ውስጥ ጓንትና ኪኒን በጠፋበት አገር እናንተ ስለ ወንበር ታወራላችሁ?» አለን። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባየነው ግጭት የተጎዳው የጤና ተቋም ብዙ ነው። የቀደመው ይቅደም ቢባል ያስኬዳል።

ግን ሁለት ነገር እንመልስለታለን። አንደኛ፣ ጦርነት ራሱ ነው ይህን ሙያ አጣዳፊ የሚያደርገው። ከፍንዳታ የተረፈ ወጣት ቁስሉ ይድናል፤ ስፌቱ ሲወጣ ሆስፒታሉ ያሰናብተዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሃምሳ ዓመት የማን ነው? ሁለተኛ፣ ገንዘቡ አሁንም እየወጣ ነው፤ የምናወጣው ግን የማይታይ ገንዘብ ነው። የአጎታችን ሽንት ቤት ላይ ያልወጣው የእንጨት ዋጋ በኩላሊት ኪኒን ወጥቷል። እጀታው ላይ ያልወጣው ብር ከአንዲት ልጅ ትምህርት ላይ ተቆርጦ ተከፍሏል። ይህን ሒሳብ የሚመዘግብ ቢሮ ስለሌለ «ነፃ» ይመስለናል።

ሌላም መከራከሪያ አለ፤ ይኼኛው ከውስጣችን የሚመጣ ነው። «እኛ ዘመድ አለን፣ ጎረቤት አለን፤ ይህ ለፈረንጅ ነው፤ የእኛ ሰው ይረዳዳል» ይባላል። እውነት ነው፣ እንረዳዳለን። ግን መርዳት የምንለው አብዛኛውን ጊዜ «ተወው፣ እኛ እንሠራልሃለን፤ አንተ ቁጭ በል» ማለት ነው። ለአክብሮት ብለን አስቀምጠን፣ አስቀምጠን፣ ሰውን ከገዛ ውሎው እናወጣዋለን። ስትሮክ ያመማት እናት ቡናዋን በግራ እጇ ለማፍላት ስትሞክር ጀበናውን እንቀማታለን፤ ያፈሰሰችው ቡና አሳዝኖን። የቀማናት ግን ጀበናውን ብቻ አይደለም። እሳቱ እንዳያቃጥላት ምድጃውን ከፍ ማድረግ፣ ጀበናውን ግማሽ ብቻ መሙላት፣ ጎን ለጎን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይቻል ነበር። ዝምድናችን ጥሩ ነው፤ የጎደለው ዕውቀቱ ነው።

ምን ይደረግ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ማቋቋሚያና ድጋፍ እንደሚያደርግ ይናገራል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስለዚህ አዲስ ቃል ኪዳን አንጠይቅም፤ ያለው ይፋግ ድረስ ይምጣ ነው የምንለው።

ጎንደር የሚያስመርቃቸው ልጆች ትልቅ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ከቀሩ አጎታችን ጋ አይደርሱም። መጀመሪያ ቢያንስ እንደ አዲስ ዘመንና ወረታ ያሉ ከተሞች ላይ ይመደቡ፤ ከዚያም በሳምንት አንድ ቀን ወደ ቀበሌ ይውጡ። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ ከሚሞሉት ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመርላቸው። «መጸዳጃ ቤት አላችሁ ወይ?» ከሚለው ቀጥሎ «በቤቱ ውስጥ ሊጠቀምበት የማይችል ሰው አለ ወይ?» የሚል። አንድ መስመር ነው። ለአናጢውና ለብረት ሠራተኛው ደግሞ ሥራ ይሆናል፤ ወንበሩን የሚሠራው ከካናዳ አይመጣም።

የጓያውንም ነገር አንርሳ። ጓያ ለብቻው እንዳይዘወተር፣ ከሌላ እህል ጋር እንዲቀላቀል፣ ተዘፍዝፎ ውኃው እንዲደፋ መንገር ቀላል ነው፤ በክፉ ዓመት ግን የሚቀላቀልበትን እህል ማድረስ ያስፈልጋል። የተራበ ሰው ምክር አይበላም።

የእኛ የቤት ሥራ ደግሞ ይኼ ነው። ከከተማ ስልክ ስንደውል «ደህና ናችሁ? መድኃኒቱን ወሰዱ?» ብለን እንዘጋለን። ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምር። «ዛሬ ምን ሲያደርጉ ዋሉ? ምኑ ከበደዎት?» እንበልና መልሱን እንጠብቅ። መጀመሪያ «ምንም» ይሉናል። ጥቂት እንታገሥ።

ባለፈው እሑድ ይፋግ ደወልን። ልጅቷ አነሳች። «አባትሽስ?» አልናት። «ሽንት ቤት ነው፤ ቆይታችሁ ደውሉ» አለችን። በቤታችን ታሪክ እንደዚያ ያስደሰተን መልስ የለም።

እናንተስ፣ እንዴት ዋላችሁ?